ንፍሮ ቀላል ነው

ክረምት ላይ የምሠራው ምግብ ሕግ አለው። አንድ ድስት፣ ሦስት ነገር፣ አንድ በላተኛ። ምስር፣ ሽንኩርትና ውሃ። ድንች፣ ጨውና ሚጥሚጣ። አራተኛ ነገር የሚጠይቅ ምግብ የእንግዳ ምግብ ነው፤ እኔ ደግሞ እንግዳ የምጠራበት ጉዳይ የለኝም። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ቀኔን የምከፋፍለው በድስት ነው። ጠዋት ቂንጬ፣ ከሰዓት ሾርባ፣ ማታ የተረፈው። በመካከሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ዝናቡን አያለሁ። ደስ ይለኛል ማለቴ አይደለም። አይከፋኝም ለማለት ነው።

ስሜ ናፍቆት ነው፤ ማንም አይናፍቀኝም። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ ስቄ አልፈዋለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ወረታ የመጣሁት ኬሚስትሪ ላስተምር ነው፤ አራት ዓመት ሆነኝ። የደብረ ብርሃን ክረምት ብርድ ብቻ ነው፣ ወፍራም ሹራብ ከደረብክ አለቀ። የፎገራ ክረምት ግን እርጥበት ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ የሩዙ ማሳና ሰማዩ አንድ ቀለም ይሆናሉ፣ ግድግዳ ያብጣል፣ ክብሪት አልጫር ይላል፣ ጨው በዕቃው ውስጥ እንዳለ ውሃ ያወጣል። እዚህ አገር ክረምቱን የሚያሸንፈው ልብስ ሳይሆን እሳት ላይ የተጣደ ነገር ነው።

የምኖረው እትዬ ዙፋን ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጎን ባለችው አንዲት ክፍል ነው። እትዬ ዙፋን ስልሳን አልፈዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሜዳው ላይ ያለውን የሩዝ ማሳ ለእኩል አራሽ ሰጥተው ከተማ ገቡ። ሁለት ልጆች አሏቸው። ማስተዋል ባሕር ዳር አግብታለች፤ አያልነህ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሳቸው ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ አያልነህ ነው። ማስተዋልን አይወዷትም ማለት አይደለም፤ ማስተዋል መንገድ ላይ አትውልም፣ ስለዚህ አታሳስብም።

የእኔን ሕግ ያፈረሱት እሳቸው ናቸው። ከሰዓት ላይ በሬን በእግራቸው ገፋ አድርገው ይገባሉ። «ምን ይሸታል እንዲያው» ይላሉ፣ ምንም ባይሸትም። ዱካዋን ይስባሉ፣ እጃቸውን ከሰሉ ላይ ይዘረጋሉ። ከማሳቸው የመጣ ሩዝ በጥቁር ፌስታል ያመጡልኛል፤ ያንን ሩዝ ከካሮትና ከድንች ጋር አብሬ እስኪፈርስ ቀቅዬ ነጭ ሽንኩርት ጣል አደርግበታለሁ። ስንቆጥረው አራት ነገር ሆነ፤ ሕጌ የፈረሰው በዚህ ነው። እሳቸው አንድ ማንኪያ ይቀምሱና «ጨው አነሰው» ይላሉ። ሁልጊዜ ጨው ያንሰዋል። ልክ ናቸው። ከኅዳር ወዲህ ጨው አይታወቀኝም።

ኅዳር ላይ እናቴ ሞታለች።

ወንድሜ ነው የደወለልኝ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣሁ። «እማ ዐረፈች» አለኝ። በቃ፣ እንዲሁ። አልቀየምኩትም፤ ጨንቆት ነው። ግን መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሽማግሌ ይይዘዋል። ሲነጋ ይመጣል፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ እያለ። እኔን የያዘኝ የሻይ ብርጭቆ ነበር። መንገድ በዚያ ሳምንት ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩም አልደረስኩም። ያን ዕለት ደወል ሲደወል ተነሥቼ ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል ገባሁና የአቶምን ክፍሎች አስተማርኩ። በደንብ ነው ያስተማርኩት፣ አንድ ልጅ ጥያቄ እንኳ ጠይቆኛል።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ግቢው በሰው ይሞላል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ እኔ መሀላቸው ደርቄ እቀመጣለሁ። እንባ አልነበረኝም። እናቷ ሞታ የማታለቅስ ሴት ሆኜ መታየት አሳፈረኝ። ሳምንቱ አለፈ፣ አርባውም አለፈ፣ ከዚያ በኋላ ለመናገር ረፈደ። ሰው ሲርበው እንጂ ሲጠግብ አይታወቀውም፤ እኔ ግን ሁለቱም ጠፉብኝ። የምበላው ሰዓት ስለሆነ ነው።

ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን እትዬ ዙፋን ጠዋት ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ ስልካቸውን ለእኔ ሰጡኝ። «ቻርጅ አርጊልኝ፣ ዛሬ አያልነህ ይደውላል» አሉ። መብራት አልነበረም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አምስት ሰዓት ላይ ባየች መጣች። ባየች ከጎናችን ያለች ጎረቤት ናት፣ የእድሩን ዕቃ የምትይዘው እሷ ናት። ድምፅዋ ከእሷ አስቀድሞ ነው ግቢ የሚገባው። በዚያ ቀን ግን ሳልሰማት በሬ ላይ ቆማ አገኘኋት። ገባችና በሩን ዘጋችው።

«አያልነህ የለም» አለችኝ።

«የት ሄደ?» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አልገባኝም ነበር።

«የለም እኮ ነው የምልሽ።»

ትናንት ማታ ከመተማ ሲመለስ መኪናው ተገልብጧል። አስከሬኑ ጎንደር ነው። ለማስተዋል ተነግሯት ወደዚያው ሄዳለች፤ ነገ ረፋዱ ላይ ይዘውት ይገባሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ያየህና የእትዬ ዙፋን የንስሐ አባት ቄስ አስማረ ተማክረዋል። መርዶው ነገ ሲነጋ ይነገራል፤ እስከዚያ በእትዬ ዙፋን ጆሮ ምንም እንዳይገባ።

«ይችን ቀን በሰላም ትዋል» አለች ባየች። «እህል ትቅመስ፣ ትተኛ። ከነገ ወዲያ መች ትተኛለች ብለሽ?»

«እኔ ምን ላርግ?»

«ስልኳን ደብቂ። ግቢውን ዝጊ። ንፍሮውን ቀቅይ።»

ንፍሮው ለነገው ለቅሶኛ ነው። በዚህ ዝናብ ስንቱ ሰው ከየገጠሩ ጭቃ እየረገጠ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አንድ እፍኝ ትኩስ ነገር ሳይሰጡት አይመለስም። ግን ለምን እኔ ቤት፣ እዚሁ እሳቸው አፍንጫ ሥር? አልኳት።

«የኔ ማድቤት ውሃ ገባበት፣ እስከዚህ» አለችና ቁርጭምጭሚቷን አሳየችኝ። «የዚህም የዚያም ጎረቤት እንደዚሁ ነው። ያንች ወለል ከፍ ያለ ነው። እሷ እንደሁ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን አትመጣ።»

«ብትመጣስ?»

«ንፍሮ አደል? በርዶሽ ቀቀልሽ። በክረምት ንፍሮ የማይቀቅል ማን አለ?»

ይኼ አሳመነኝ። እውነትም ንፍሮ ሁለት ቤት አለው፤ የለቅሶም ነው፣ የብርድም ነው። ድስቱ ላይ ለየትኛው እንደሆነ አልተጻፈበትም፣ ብዬ አሰብኩ። ባየች ከጠዋት የተዘፈዘፈ ስንዴና ሽምብራ በባልዲ፣ አንድ ትልቅ ድስት ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ አስገባችልኝ። ስትወጣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ በሩ ላይ ቆማ ፊቷን አስተካከለች፣ ሄደች።

የእትዬ ዙፋንን ስልክ አጠፋሁት። ከዚያ እሳቸው በሰጡኝ ሩዝ ውስጥ እስከ ክርኔ እጄን ከትቼ ከታች ቀበርኩት።

ንፍሮ ቀላል ነው። ሕጌን ጠንቅቆ የሚያከብር ምግብ እሱ ብቻ ነው፤ እህል፣ ውሃ፣ ጨው። የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፣ እህሉ ይታጠባል፣ አዲስ ውሃ ከእህሉ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ይጨመርበታል። ሲፈላ ነጭ አረፋ ያወጣል፤ እሱን በጭልፋ ገፈፍ ማድረግ ነው። ከዚያ እሳቱ ይቀነሳል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሽምብራው ይደነድናል። እናቴ ናት ይህን ያስተማረችኝ። እሷ ስትቀቅል ክዳኑን አታነሣም ነበር፣ በድምፁ ታውቀዋለች።

አረፋውን እየገፈፍኩ አያልነህን ለማሰብ ሞከርኩ። ሚያዝያ ላይ መጥቶ የበሬን ማጠፊያ ጠግኖልኝ ነበር። ምስማር በከንፈሩ ይዞ «መምህርት፣ ዛሬስ ምን አቃጠልሽ?» ይለኛል። ድንች ሰጠሁት፣ እንደቆመ በላና «ጨው አነሰው» አለ፣ ልክ እንደ እናቱ። ከዚያ ወዲህ በሬ ሲከፈት አይጮኽም። ይህን ሁሉ አስታወስኩ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ጠበቅሁት፣ አልመጣም። አረፋው ግን ይመጣ ነበር፤ እሱን ገፈፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ንፍሮው ገና እሳቱ ላይ እያለ፣ በሩ ሳይጮኽ ተከፈተ።

«ምን ይሸታል እንዲያው» አሉ እትዬ ዙፋን።

ነጠላቸው ርሶ ከፀጉራቸው ጋር ተጣብቋል። ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ገቡና ዱካዋን ሳቡ።

«ዛሬ ቶሎ መጡ» አልኳቸው።

«ጎርፉ ቅጽሩ ድረስ ገባ፣ አሰናበቱን። ቄስ አስማረ ምን እንደነካቸው እንጃ። መስቀል ስሳለም እጄን ይዘው ቀሩ። ‹በርቺ› አሉኝ። ምን ሁኜ ነው የምበረታ?» እጃቸውን ወደ ከሰሉ ዘረጉ። «ስልኬሳ፣ ሞላ?»

«መብራት የለም።»

«አያልነህ ሳይደውል አልቀረም።»

«ይሆናል» አልኩ። መዋሸት እንዲህ የሚቀል አይመስለኝም ነበር። ውስጤ ደንዝዞ ስለነበር ምኔም አልተንቀጠቀጠ። ባየች እኔን የመረጠችው ለወለሉ ብቻ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ ፊቴ ምንም እንደማያወጣ አይታ ይሆናል።

«ንፍሮ ነው? ጎሽ። በዚህ ብርድ ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» አሉና ክዳኑን ሊከፍቱ ጎንበስ አሉ። እጀታው ላይ ጣል ያደረግሁት የመያዣ ጨርቅ ተንሸራቶ ወደቀ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

የድስቱ እጀታ ላይ ጣት የሚያህል ቀይ ቀለም ተቀብቷል። እኔ አላየሁትም ነበር። ባየውም አላውቀውም፣ የእድር አባል አይደለሁም። እትዬ ዙፋን ግን ወረታ ከገቡ ጀምሮ የዚያ እድር አባል ናቸው፤ ዕቃው ከሌላ እንዳይቀላቀል ቀለሙን ከቀቡት ሴቶች አንዷ ናቸው። የእድር ድስት በረደኝ ተብሎ አይወጣም። ለምን እንደሚወጣ እሳቸው ያውቃሉ።

«ይኸ የእድራችን ድስት ነው» አሉ።

ጨርቁን ከመሬት አነሣሁ።

«የማን ለቅሶ ነው?»

  የጎረቤት ስም መጥራት እችል ነበር፣ ግን ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ለቅሶ ሰምተው ቁጭ የሚሉ ሴት አይደሉም። በየደጃፉ ሲጠይቁ አንዱ ፊቱ ይነግራቸዋል። የማደርገው ቢጠፋኝ አንገቴን ደፋሁ።

እትዬ ዙፋን ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«እናትሽ ናት» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ጠርጥሬ ነበር እኮ። እሁድ እሁድ ስልክ ይዘሽ ግቢውን እየዞርሽ ‹እማ፣ እማ› ስትይ እሰማሽ ነበር። ኅዳር ላይ ቀረ። ተጣልታ ነው አልኩ። ከዚያ የምግብሽ ጨው ጠፋ። ‹ይችስ ሐዘን ይዛለች› አልሁ ለራሴ፣ ልጠይቅሽ ፈራሁ።» እጄን ያዙኝ። «ምነው ሳትነግሪኝ ልጀ፣ እኔ ምንሽ ነኝ?»

አይደለም ብል፣ ታዲያ የማን ነው ይሉኛል።

«አዎ፣ እናቴ ናት» አልኩ።

ዘጠኝ ወር ለማንም ያልተናገርኩትን እውነት እንዲህ አወጣሁት፤ ለመዋሸት።

አለቀሱ። ለወጉ የሚለቀሰውን አላለቀሱም፣ ከሆዳቸው ነው። አንገቴን አቅፈው ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አደረጉት። እርጥብ ነጠላቸው የዝናብና የጧፍ ሽታ ነበረው። «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። ስሟን ጠየቁኝ፤ ጸሐይነሽ አልኳቸው። «ጸሐይነሽ፣ እቴዋ» እያሉ፣ አንድ ቀን አይተዋት የማያውቋትን ሴት በስሟ እየጠሩ አለቀሱላት። እኔ ዓይኔ ደረቅ ነበር። ይኼ እንባ ከነገው ይቀነስላቸው ይሆን ብዬ አስብ ነበር። በልጃቸው መርዶ ላይ ተቀምጬ የእናቴን ሐዘን መቀበሌ ማስጠላት ነበረበት። እሱም አልተሰማኝም። የሰውነታቸው ሙቀት ብቻ ተሰማኝ።

ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ድስቱን ያወጣችልሽ ባየች ናት?»

«አዎ።»

«በኔ ስም ነዋ። ጎሽ፣ ደግ አረጋችሁ፤ ቢዘገይም ይለቀስላታል። አንች አባል ባትሆኝም፣ ለኔ ቤት ተብሎ ይወጣል።»

ከዚያ ንፍሮውን አምጪ አሉኝ። ከለቅሶ ቤት ሳይቀምሱ አይኬድም። ገና ነው፣ አልበሰለም አልኳቸው፤ አንድ ሽምብራ አንሥተው በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉና «በስሏል» አሉ። በሳህን አወጣሁላቸው። እፍ እያሉ በልተው «ጨው አነሰው» አሉ፤ ጨው ጨመርኩበት። ደግመው ዘገኑ። ቅዳሴ ላይ ስለዋሉ ከጠዋት ጀምሮ አፋቸው እህል አልገባበትም ነበር። በዚያ ቀን የቀመሱት የመጀመሪያ እህል የልጃቸው ንፍሮ ሆነ። እኔም አብሬያቸው በላሁ፤ ጨውን በልኩ ስላስደረጉኝ ይመስለኛል፣ ትንሽ ታወቀኝ።

«ሰው መች ነው የሚመጣ?» አሉኝ።

«ነገ ጠዋት።»

«ታዲያ ምን ቁጭ አርጎናል?»

ዝናቡ ጋብ ሲል ወጡ። ከዋናው ቤት ሸራ አውጥተው ከጣሪያቸው ክፈፍ እስከ አጥሩ ድረስ እንድወጥርላቸው ነገሩኝ፤ ገመዱን እሳቸው ከታች ይዘው «ጠበቅ አርጊው፣ ውሃ ያቁራል» ይሉኝ ነበር። አግዳሚዎቹን ጠረጉ። ሰሌኑን አራገፉ። ጭቃው ላይ ከጓሮ የሩዝ ገለባ እያመጡ በተኑ፣ ለቅሶኛው እንዳይዳልጠው። ወንበር ሲያንስ ከሳሎናቸው አወጡ። የአያልነህ ፎቶ የተቀመጠበትን ትንሹን ጠረጴዛ ሳይቀር አወጡት፤ ፎቶውን አንሥተው መስኮቱ ላይ አደረጉትና ጠረጴዛውን ጠረጉት። እኔ የታዘዝኩትን እሠራለሁ። ማንሣት፣ ማሰር፣ መዘርጋት። እጄ ይሠራ ነበር።

«ነገ ሲገቡ አትፍሪ» አሉኝ ሰሌኑን በሁለት ጫፍ ይዘን ስንዘረጋ። «እንባ አልመጣም ብለሽ አትፈሪ። ባይመጣም ግድ የለም፣ እኔ አለቅስልሻለሁ።»

ይህን ሲሉ ሰሌኑን ለቀቅሁት። «ምነው?» አሉ። እርጥብ ነው፣ ያሟልጫል አልኳቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ባየች ግቢውን ከፍታ ገባች። ሸራውን አየች። አግዳሚዎቹን አየች። እትዬ ዙፋንን አየች፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እጇ ወደ ጭንቅላቷ ሄደ፤ «ወየው ዙፋኔ፣ ማን ነ...» ስትል እትዬ ዙፋን ቀድመው ደረሱባት።

«ዝም በይ። ልጅቱን አታስደንግጫት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔው ነኝ ያወቅሁባት፣ ድስቱን አይቼ። እናቷን ኅዳር ላይ ነው ያጣች። እስተዛሬ ብቻዋን ይዛው። አንችስ ብትሆኝ፣ ከኔ ትደብቂያለሽ?»

ባየች አፏን ከፍታ ወደ እኔ ዞረች። አልሰሙም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ፣ ትንሽ፣ እሳቸው በማያዩት ልክ። ባየች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ጠረጴዛውን ተደግፋ አለቀሰች። አያልነህ ልጅ ሆኖ ከሷ ልጆች ጋር ነው ያደገው፣ ጠዋት ያላለቀሰችውን ሁሉ አሁን አገኘችው። እትዬ ዙፋን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አየሽ? ሰው አለሽ» አሉኝ።

ባየችን እስከ ደጅ ሸኘኋት።

«ምን አረግሽ አንች ልጅ?» አለችኝ።

«ሌላ ምን ልበል?»

አሰበች። «ለሽማግሌዎቹ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?» አለች። ከዚያ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብለው ገለባ የሚያስተካክሉትን እትዬ ዙፋንን አየቻቸው። «ተይው። ብቻ ትተኛ።»

እትዬ ዙፋን ተኝተዋል። ሲያንኮራፉ በግድግዳው ሰምቻለሁ። የተፈለገው እሱ ነበር፣ የተሰጠኝን ሥራ ሠርቻለሁ።

ሲነጋ ዝናብ አልነበረም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሬን አንኳኩ፤ አንኳኩተው አያውቁም። ለባላቸው ለብሰውት የነበረውን ጥቁር ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው ለብሰዋል፣ ለእናቴ ብለው። ለእኔም አንድ ነጠላ ይዘዋል። «ጥለቱ ወደ ላይ ነው የሚሆን» አሉና ራሳቸው አዘቅዝቀው አለበሱኝ፣ ትከሻዬ ላይ አስተካከሉት፣ ፊቴን በመዳፋቸው ጠረጉት። ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም። «ፊትሽን ታጥበሻል? ጎሽ። ደጃፍሽ ላይ ቁሚ። ሌላውን ለኔ ተይው።»

ያኔ ልነግራቸው ፈለግሁ። ፈለግሁ ስል፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። የግቢው በር ተከፈተ።

ቄስ አስማረ ከፊት ናቸው፣ መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። አቶ ያየህ ከጎናቸው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ከነሱ ኋላ ሴቶቹ። ባየች መሬት መሬት ታያለች። ሸራው ሥር ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። ሰሌኑ ተነጥፏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ገለባው ተበትኗል። ሊያረዷት የመጡባት ሴት ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

እትዬ ዙፋን ወደ እነሱ ሄዱ። «ግቡ፣ ግቡ። ጧት በጭቃ አመጣናችሁ፣ እግዜር ይስጥልን» አሉ።

ቄስ አስማረ መስቀሉን ሊያሳልሟቸው ዘረጉ። «ዙፋን፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉ።

«አሜን። ወዲያ ነው አባ፣ ልጅቱን ነው» አሉ እትዬ ዙፋን። በእጃቸው ደጃፌን አመለከቱና፣ እንዲያልፉ ከመንገዱ ፈቀቅ አሉላቸው።

ማንም አላለፈም።

በዚያ ጠዋት መጀመሪያ የጮኽኩት እኔ ነኝ። «እማ» ነው ያልኩት። ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ደረቴን ቀድዶ ነው የወጣው፣ አመመኝ። ወደ ፊት ተደፋሁ። እትዬ ዙፋን ሽማግሌዎቹን ጥለው በገለባው ላይ እየሮጡ መጡ፣ ከመሬት ሳልደርስ ያዙኝ። «ይውጣልሽ ልጀ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል፣ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ። እንባው መጣ። በትከሻቸው አሻግሬ ቄስ አስማረ ቀስ ብለው ከኋላቸው ሲደርሱ አየሁ፣ እጃቸውን ሊያሳርፉባቸው ሲዘረጉ፣ «ዙፋን» ሲሉ ሰማሁ። እንዳይዞሩ አጥብቄ ያዝኳቸው።